የፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ፦ አንድ ዓይነት የሆነ አልበም፣ የተቃጠለ ነጠላ፣ ኤረር ያለ ሜሞሪ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ)፦ ሠርግ ማንሳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ሥራ አላጣሁም፣ ደንበኛም አይከፋብኝም። ነገር ግን ያለፈውን ዓመት አልበሞች ጎን ለጎን ስዘረጋቸው ሙሽሮቹ ተቀያየሩ እንጂ ፎቶው ያው ነው። አዲስ ሌንስ ልግዛ ወይስ ኮርስ ልግባ?

መልስ፦ ሌንሱን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ልማድዎ ምን እንደሆነ በቁጥር ይወቁት። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሠርጎች ይክፈቱና ለደንበኛ ከሰጧቸው ውስጥ ከእያንዳንዱ 100፣ በድምሩ 300 ፎቶ ያውጡ። ላይትሩም የተባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከተጠቀሙ የላይብረሪው የሜታዳታ ማጣሪያ በየትኛው ሌንስና በየትኛው አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ስፋት) ስንት ፎቶ እንዳነሱ ቆጥሮ ያሳይዎታል። ከዚያ ካሜራው የማይመዘግባቸውን ሦስት ነገሮች ወረቀት ላይ ይቁጠሩ፦ ካሜራው የነበረበትን ቁመት፣ ከሰውየው የነበረዎትን ርቀት በእርምጃ፣ ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ።

ሠርግ የሚያበዛ ሰው ይህን ሲቆጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ይህንን ነው፦ ቆሞ፣ በዓይን ልክ፣ ከአራትና አምስት እርምጃ ላይ፣ ብርሃን ከፊት፣ ዙሙ ከ50 እስከ 70 ሚሊ ሜትር። ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሠርግ ላይ ጊዜ የለም፤ ቪዲዮ አንሺው ጎንዎ ቆሟል፣ ከኋላ ዘመድ ይገፋል፣ እጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ያዋጣውን ይደግማል። ደንበኛ ከፍሎ በሚጠብቅበት ቦታ ልማድ አይሰበርም። ስለዚህ መሰበር ያለበት ሌላ ቦታ፣ ማንም ምንም በማይጠብቅብዎት ሰዓት ነው።

ከቤትዎ በእግር ከ10 ደቂቃ የማይርቅ አንድ ቦታ ይምረጡ። ጉልት፣ የታክሲ ተራ፣ የጀበና ቡና መሸጫ፣ የትኛውም ይሆናል። ለ8 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ይሂዱ። ሌንሱ አንድ ብቻ ይሁን፤ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር። ያለዎት ዙም ከሆነ ቀለበቱን 35 ላይ በፕላስተር ያስሩት። በአንድ ቀን የሚነሳው 36 ፎቶ ብቻ ነው፤ የድሮው አንድ ጥቅል ፊልም ማለት ነው። ካሜራው ፎቶ ከተነሳ በኋላ መልሶ የሚያሳየውን ቅንብር ያጥፉት፣ እያነሱ ወደ ስክሪኑ አይመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዓይን ልክ ማንሳት ክልክል ይሁን። በ3ኛውና በ4ኛው ሁሉም ፎቶ ከሁለት እርምጃ ባነሰ ርቀት ይነሳ። በ5ኛውና በ6ኛው ብርሃን ከጎን ወይም ከኋላ ብቻ ይምጣ። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ነፃ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚያቆመው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ቦታው ያለቀ ይመስላል። ያለቀው ግን ማንም አላፊ አግዳሚ የሚያየው ነገር ነው። ጉልቱን እንውሰድ። መጀመሪያ የሚነሳው በመደብ የተከመረው ቲማቲምና ሽንኩርት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተነሳ በኋላ ሌላ የሚነሳ የለም። ከዚያ ግን ሻጯ መልስ ልትሰጥ መቀነቷን ስትፈታ ጣቶቿ ቋጠሮውን እንዴት እንደሚይዙት፣ ከላይ የተወጠረው ሸራ ቀዳዳ በአንዷ ቲማቲም ላይ የሚጥላት የብርሃን ነጥብ፣ ያቺ ነጥብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቲማቲሟ ወደ ሚዛኑ ስትሸሽ መታየት ይጀምራል። እዚህ ጋ ቦታ መቀየር ሙሉውን ልምምድ ማባከን ነው። ሻጯን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ሰላም ብለው፣ የሚሠሩትን ነግረው፣ ሲፈቅዱልዎት ብቻ ይጀምሩ። በሁለተኛው ሳምንት የታተመ ፎቶ ይዘውላቸው ይሂዱ።

በመምረጥ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለን፦ ሰው የሚሻሻለው ከማንሳት ይልቅ በመምረጥ ነው። ባነሱበት ቀን አይምረጡ፤ ሰባት ቀን ያሳድሩት። ባነሱበት ቀን ፎቶውን የሚመዝነው ድካምዎና ደስታዎ ነው። ስልክ ላይም አይምረጡ። ትንሽ ስክሪን ጉልህ ቀለምና ቀላል ቅርጽ ያለውን ፎቶ ያስበልጣል፤ የፊት ስሜትንና ጠርዝ ላይ የተቆረጠ እጅን ይደብቃል። 8 ጊዜ 36፣ 288 ፎቶ ይሆናል። ከዚህ 40ውን በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ያሳትሙና ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ ላይ ይዘርጓቸው። ሁለት ፎቶ አንድ ነገር የሚናገሩ ከሆነ ደካማው ይነሳ። 12 እስኪቀሩ ይቀጥሉ። ከዚያ ፎቶ አንሺ ያልሆነ ሰው ይጥሩና ምንም ሳያብራሩ «ምን ይታይሃል?» ብለው ይጠይቁ። «ቆንጆ ነው» መልስ አይደለም። ያላሰቡትን ነገር ካየ ይጻፉት። የጣሏቸውንም 28 ፎቶዎች አይርሷቸው፤ ጀርባቸው ላይ የወደቁበትን ምክንያት በአንድ ቃል ይጻፉ፤ «ርቀት»፣ «ዘገየሁ»፣ «ጀርባው ተዝረከረከ»። አንድ ቃል ከአሥር ጊዜ በላይ ከተደጋገመ የሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ሠርጉ ሲመለሱ ሁሉንም ለመቀየር አይሞክሩ። የቤተሰብ፣ የሚዜ፣ የቀለበትና የኬክ ፎቶ እንደተለመደው ይነሳ፤ ደንበኛው የከፈለው ለእሱ ነው። በእያንዳንዱ ሠርግ ግን 20 ፎቶ ለአዲሱ ዓይን ይመድቡ። ሙሽሪት የምትዘጋጅበት ሰዓት ለዚህ ይመቻል፤ ሰው ጥቂት ነው፣ መስኮት አለ፣ ማንም ፖዝ አይጠይቅም።

የሌሎችን ሥራ ማየትም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ነጠላ ፎቶ ሳይሆን ተከታታይ ሥራ ይዩ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን አዲስ ፎቶ ፌስት የተመለከተ ሰው አንድ ፎቶ ከጎኑ ካለው ጋር ሲቀመጥ ትርጉሙ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ሚካኤል ጸጋዬ የሥዕል ትምህርት ተከታትሎ፣ ቀለሙ አለርጂ ሲሆንበት ወደ ካሜራ የዞረ ባለሙያ ነው፤ በሚለዋወጠው አዲስ አበባ ላይ የሠራቸውን ሲያዩ ስንቱን ትቶ ስንቱን እንዳስቀረ ያስተውሉ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ለጥምቀት የማነሳው ፎቶ ወይ ነጠላው ተቃጥሎ (ከመጠን በላይ ነጥቶ) ክሩ አይታይም፣ ወይ ፊቱ ጠቁሮ ሰው አይለይም። የማነሳው በራው (ካሜራው ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ችግሩ የካሜራው አይደለም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ከሞላው ያጨልመዋል፣ ጥቁር ጥላ ከሞላው ያነጣዋል። በፀሐይ ላይ ባለ ነጭ ነጠላና በጠይም ፊት መካከል ከ3 እስከ 4 ስቶፕ ልዩነት አለ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲለያይ ነው። ይህ ለራው ፋይል ከባድ አይደለም። ከባድ የሚሆነው ፊቱ ጥላ ውስጥ፣ ነጠላው ፀሐይ ላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ ልዩነቱ ሌላ ሁለትና ሦስት ስቶፕ ይጨምራል።

ስለዚህ ኦቶውን ያጥፉና በማንዋል ይሥሩ። ስፖት ሜትሩን (የአንድ ትንሽ ቦታን ብርሃን ብቻ የሚለካውን) ፀሐይ ያረፈበት ነጠላ ላይ ያድርጉ፤ ሜትሩ ከዜሮ በላይ 1.7 እስኪያሳይ ያስተካክሉ። መለኪያ ለመያዝ ጊዜ ከሌለ በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ 1/250 ሰከንድ፣ አፐርቸር ኤፍ 11 ጥሩ መነሻ ነው። ሰው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲዘል ውኃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ እንዲቆም ከፈለጉ ያንኑ ብርሃን ወደ አይኤስኦ 200፣ 1/1000፣ ኤፍ 8 ይቀይሩት። ከዚያ የተቃጠለውን ብልጭ ድርግም እያለ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ይክፈቱ። የወርቅ ክርና የመስቀል ጫፍ ብልጭ ቢል ግድ የለም፤ የነጠላው እጥፋት ብልጭ ካለ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ይቀንሱ። አንድ ነገር ይወቁ፦ በራው ቢያነሱም ስክሪኑ ላይ ያለው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ሥዕል) የሚሠራው ከጄፔጉ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ ካስተካከለው ቅጂ ነው። የፒክቸር ስታይሉን ኒውትራል ቢያደርጉት ለእውነቱ ይቀርባል፤ «ቪቪድ» ላይ ከሆነ ያልተቃጠለውን ተቃጠለ ይልዎታል።

ቀሪው የመቆሚያ ጉዳይ ነው፤ ትልቁ ለውጥም የሚመጣው ከዚህ ነው። በጥር ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ጎንደር ላይ ቀትር ሲሆን እንኳን አናት ላይ አይደለም። ጠዋት ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። ወደ ምሥራቅ እያዩ ሲያነሱ ፀሐዩ ከሰዎቹ ጀርባ ይሆናል፤ ነጠላው ዳር ዳሩ ይበራል፣ የጥበቡ ክር አንድ በአንድ ይለያል። «ፊቱስ?» ይሉ ይሆናል። ፊቱን የሚያበራው ሕዝቡ ነው። ከፊት ያለው ነጭ የለበሰ ሰልፍ ትልቅ ብርሃን መላሽ ነው፤ ከደረት ወደ አገጭ፣ ወደ ዓይን ሥር ለስላሳ ብርሃን ይልካል። አንዲት እናት ነጠላዋን ወደ ፊት ስባ ስትከናነብ የጉንጯን ጥላ ይመልከቱ፤ የነጠላው ውስጠኛ ክፍል ራሱ ብርሃን ይመልስላታል። ይህ ብርሃን ጠዋት እስከ 3 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ከፍ ሲል የዓይን ጉድጓድ መጥቆር ይጀምራል።

ጃንጥላውን ይጠንቀቁ። ጨርቁ ስስ ከሆነ ቀዩ ወይም አረንጓዴው ቀለም ከሥሩ ባለው ፊት ላይ ያርፋል፤ ዋይት ባላንስ (የቀለም ማመጣጠኛው) አያስተካክለውም፤ ፊቱን ቢያስተካክሉ ነጠላው ይበላሻል። ካህኑ ከጃንጥላው ጫፍ ግማሽ እርምጃ እስኪወጡ መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው። ፍላሽ አንመክርም፤ ታቦት በሚያልፍበት ቦታ ፊት ላይ ብልጭታ መልቀቅ ሥርዓቱንም ሰውንም ይረብሻል።

ኤዲት ላይ ነጩን ሲያወርዱ ገደብ ይኑርዎት። ሃይላይቱን (የብሩህ ቦታዎች ማስተካከያውን) እስከ ታች ከጎተቱት ነጠላው ግራጫ ይሆንና ያልታጠበ ይመስላል። ለህትመት የነጠላው ብሩህ ቦታ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ከ235 እስከ 245 ይሁን፤ 255 ላይ ወረቀቱ ምንም ቀለም አያርፍበትም። ጥላ ውስጥ ያለ ነጠላ የሰማዩን ሰማያዊ ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ነጭ ላድርገው ካሉ ፊቱ ብርቱካን ይሆናል፤ ትንሽ ሰማያዊ ይተዉለት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በ1/125 ሰከንድ ሳነሳ ምንም የለም። አዲስ አበባ ለወንድሜ ሠርግ ሄጄ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ቅንብር ያነሳሁት ላይ ግን አግድም ጥቁር መስመሮች ወጡ። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የተለወጠው የኤሌክትሪኩ ምልልስ ነው። አሜሪካ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ ኢትዮጵያ 50 ጊዜ። አምፖሉ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ይደምቃል፤ ስለዚህ እዚያ በሰከንድ 120፣ እዚህ 100 ጊዜ። አንዱ ድምቀት እዚያ 8.3 ሚሊ ሰከንድ፣ እዚህ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። 1/125 ማለት 8 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሜሪላንድ ላይ ሙሉውን ድምቀት ሊይዘው ጥቂት ነው የሚቀረው። አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ አምስተኛው ያመልጠዋል፤ የትኛው አምስተኛ እንደሚያመልጠው ደግሞ ከፍሬሙ ላይኛ ክፍል እስከ ታችኛው ይለያያል። መስመሩ ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ 1/50 ወይም 1/100 ይጠቀሙ፤ ቪዲዮ ከሆነ 25 ፍሬም በ1/50። አሜሪካ 1/60 ወይም 1/125፤ ቪዲዮ 30 ፍሬም በ1/60። ካሜራዎ ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ ከሆነ ወደ ሜካኒካሉ ይመልሱት፤ መስመሩን በጣም የሚያጎላው እሱ ነው። ፀረ ፍሊከር (የመብራት መርገብገብ መከላከያ) ቅንብር ካለውም ይክፈቱት። አዳራሹ በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ ግን ምልልሱ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ነጭ ግድግዳ ላይ አከታትለው 10 ፎቶ ያንሱና ብርሃኑና ቀለሙ እኩል መሆኑን ይዩ። ርካሽ የኤልኢዲ ጌጥ መብራት ደግሞ በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ 1/100 ላይም መስመር ሊያወጣ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሹተሩን ወደ 1/50 ማውረድ ወይም በፍላሽ መሸፈን ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሠርግ መሀል ሜሞሪው ኤረር አለና የግማሽ ቀን ፎቶ አልከፈት አለኝ። ካሜራው «ፎርማት አድርግ» ይላል። ላድርግ?

መልስ፦ አያድርጉ። ያ ካርድ ላይ ከእንግዲህ አንድም ፎቶ እንዳይነሳበት። አውጥተው በጎኑ ያለችውን የመቆለፊያ ምላስ ወደ ሎክ ይግፉት። በሌላ ካርድ ሪደር፣ በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሪደሩ ሆኖ ይገኛል። ካልሆነ እንደ ፎቶሬክ ያለ ነፃ የማዳኛ ፕሮግራም ይጫኑና የሚያወጣቸውን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ያስቀምጡ፤ ወደዚያው ካርድ መልሶ መጻፍ ያልተነካውንም ይሸፍነዋል። በስህተት ፎርማት ያደረጉ እንኳን ተስፋ አይቁረጡ፤ ተራው ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፣ ፎቶው አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል።

ካርዱ ከየት እንደተገዛም ያስቡ። ላዩ ላይ 128 ጊጋ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 16 ብቻ የሆነ አስመስሎ የተሠራ ካርድ ገበያ ላይ አለ። እስከ 16 ድረስ በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የተቀበለ መስሎ ይጥለዋል። አዲስ ካርድ ሲገዙ ሥራ ላይ ሳያውሉት ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) በተባለው የካርድ መፈተሻ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሞልተው መልሰው ያስነብቡት። ሰዓታት ይወስዳል፤ ሌሊት ትተውት ይተኙ።

ከእንግዲህ ላለው፦ ካሜራዎ ሁለት የካርድ ቦታ ካለው ሁለተኛውን «ባክአፕ» ላይ ያድርጉት፣ የመጀመሪያው ሲሞላ የሚቀጥል አይሁን። አንድ ቦታ ብቻ ካለው በትልቅ ካርድ ቀኑን ሙሉ ከመሥራት በ32 ጊጋ ይከፋፍሉት፤ የሙሽሪት ቤት አንድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ማዘጋጃ አንድ፣ አዳራሽ አንድ። ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ራው ፋይል ከ25 እስከ 30 ሜጋ ስለሆነ 32 ጊጋ ወደ 1,000 ፎቶ ይይዛል፤ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ማታ ቤት ሲገቡ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። አንደኛው ሃርድ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ጋ ወይም ሱቅ ይደር፤ ሌባም እሳትም ሁለቱን አብሮ እንዳያገኛቸው። መብራት ስለሚቋረጥ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ፣ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አይገልብጡ፤ በመገልበጥ መሀል የጠፋ መብራት ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን ሊያበላሽ ይችላል። የፋይሎቹ ቁጥር በሦስቱም ቦታ እኩል መሆኑን ሳያዩ ካርዱን ፎርማት አያድርጉ።

የሰዓት ነገርም አለ። ካሜራ የሚመዘግበው በፈረንጅ ቀን ነው። ፎልደሩን በእኛ ዘመን የሚሰይም ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ፎቶ ሲፈልግ ሰባትና ስምንት ዓመት እየደመረ ይደክማል። አንዱን ይምረጡ፣ በአንዱ ይጽኑ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የደንበኛው መለያ ይሁን። ከሌላ አንሺ ጋር ሲሠሩ የሁለቱን ካሜራ ሰዓት ጠዋት እኩል ያድርጉ። አንዱ ጠዋት አንድ ሰዓትን 1፣ ሌላው 7 ብሎ ከሞላ ስድስት ሰዓት ይለያያሉ፤ ፋይሎቹ ሲቀላቀሉ ኬኩ ከቀለበቱ በፊት ተቆርጦ ይገኛል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ደንበኛ «ያነሳኸውን ሁሉ ስጠን» ይላል። 3,000 ፎቶ ልስጥ?

መልስ፦ አይስጡ፤ ነገር ግን ይህን የሚናገሩት ቀብድ ሲቀበሉ እንጂ አልበም ሲያስረክቡ አይደለም። በአንድ ገጽ ውል ላይ በቁጥር ይጻፉት፦ የተስተካከለ ሶፍት ኮፒ ስንት (ለሙሉ ቀን ከ400 እስከ 600 ይበቃል)፣ አልበሙ ስንት ገጽ፣ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ቀብዱ ስንት ነው፣ ቀሪው መቼ ይከፈላል፣ ፋይሉን ለስንት ጊዜ ያስቀምጡላቸዋል። ፎቶውን በገጽዎ ላይ መለጠፍ የሚፈልጉ ከሆነም እዚያው ያስፈቅዱ። ዓይን የጨፈነ፣ ፍላሹ ያልበራ፣ አንድ ዓይነት የሆነ አሥር ፎቶ መስጠት ለደንበኛው ቸርነት አይደለም፤ የመምረጡን ድካም ወደ እሱ ማዞር ነው። አንድ ነገር ግን በእሺታ ይቀበሉ። አያት ወይም ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ያለበት ፎቶ ከጠየቁ፣ ደብዛዛም ቢሆን ፈልገው ይስጡ። የእነሱ ምክንያት ከእኛ ሹልነት ይበልጣል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ክረምት ላይ ሌንሴ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ታየኝ።

መልስ፦ ሻጋታ ነው። ገና ከሆነ ፎቶው ላይ አይታይም፤ ቆይቶ ግን የሌንሱን ሽፋን ይበላል። ከውስጥ ስለሆነ ራስዎ አይክፈቱት፣ ለጥገና ባለሙያ ይስጡት፤ እስከዚያው ከሌሎቹ ሌንሶች ይለዩት። የሚያመጣው የቆዳ ቦርሳ፣ ቁም ሳጥንና ሰፈነግ ነው፤ እርጥበት ይይዛሉ። ጎማ ያለው አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ይግዙ፤ 20 ሊትር ለሚሆን ሳጥን 200 ግራም ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ያስገቡ፤ የእርጥበት መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያሳይ። ሲሊካ ጄሉ ቀለሙን ሲቀይር 120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያድርቁት። ሩዝ አያስገቡ፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ)፦ መንገድ ላይ ሰው ሳላስፈቅድ ባነሳ ሕግ ይከለክለኛል?

መልስ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና ለሽያጭ ማቅረብ ይከለክላል። ቁጥር 28 ለየት የሚያደርጋቸው አሉ፤ ሰውየው በሕዝብ የታወቀ ከሆነ፣ የመንግሥት ሥልጣን ካለው፣ ፎቶው ለትምህርት፣ ለሳይንስ ወይም ለባህል ከሆነ፣ ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ወይም የሕዝብ ጥቅም ካለው ሁኔታና በዓል ጋር የተያያዘ ከሆነ። ስለዚህ የመስቀል ደመራን ሕዝብ ማሳየትና የአንዲትን ቆሎ ሻጭ ፊት ለማስታወቂያ መሸጥ አንድ አይደሉም።

ሥራውን በተመለከተ ደግሞ መርካቶ ላይ ተደብቆ በረጅም ሌንስ ማንሳት ጠብም መጥፎ ፎቶም ያመጣል። ካሜራውን በግልጽ አንገት ላይ አንጠልጥለው ይቁሙ፣ ሰላም ይበሉ፣ ቡና ወይም ሻይ ይጠጡ። ሰው «አንሳኝ» ብሎ ተስተካክሎ ሲቆም ያንን ያንሱለት። ወደ ሥራው ሲመለስ ሁለተኛውን ያንሱ፤ የሚፈልጉት ሁለተኛው ነው። «አጥፋው» ካለ ፊቱ ያጥፉ፤ አይከራከሩ። ኬላ፣ ወታደርና የጥበቃ ቦታ አያንሱ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በሰው ቤት ነው የምሠራው፤ የዕረፍት ቀኔ አንድ ነው፤ ካሜራም የለኝም። በስልክ መማር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እህታችን። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን የመንገድ ሰዎች በስልክ እያነሳ ነው ዓለም ያወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ግራንት አግኝቷል። ያሉበት አገር ሰውን ያለፈቃዱ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል፤ የአሠሪዎችዎንም ቤትና ልጆች አያንሱ። ከራስዎ ክፍል፣ ከራስዎ እጅና ዕቃ ይጀምሩ።

አንድ ስኒ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡ። መብራቱን ያጥፉ። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የጣት ቅባት ብርሃኑን ጭጋግ ያደርገዋል፣ ስልክ ፎቶ «ደበዘዘ» ከሚባልበት ምክንያት ብዙው ይኸው ነው። ስኒውን ስክሪኑ ላይ በጣት ተጭነው ይያዙ፣ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣትዎን ወደ ታች ሳብ አድርገው የስኒው ነጭ ጌጡ እስኪለይ ያጨልሙት። ዙም አያድርጉ፤ በዲጂታል ዙም ስልኩ መሀሉን ቆርጦ ይዘረጋዋል እንጂ አያቀርበውም፤ ይልቅ ይጠጉ። ስኒውን መጀመሪያ መስኮቱ ከጎን፣ ቀጥሎ ከኋላው፣ በመጨረሻ ከፊቱ ሆኖ ያንሱት። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ያንኑ ስኒ በሌላ ሰዓት። አራት ሳምንት ሲሞላ ወደ 12 ፎቶ ይኖርዎታል፤ የጎን ብርሃን ከፊት ብርሃን ምን እንደሚለየው ከየትኛውም ኮርስ በተሻለ ይታይዎታል።

አገር ቤት ለማሳተም ሲልኩ በቴሌግራም «ፋይል» በሚለው በኩል ይላኩ። በፎቶ በኩል ከላኩት ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ ይህ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ፎቶ ቤቱ ወደ 15 ሲዘረጋው የስኒው ጌጥ ይፈስሳል።